ሁለት ክንድ ወይስ አንገት፦ ስቴም ሴል ለሚለግስ ሰው የሚቀርቡ የደም ሥር መግቢያዎች ሲመዘኑ

ከጤነኛ ለጋሽ ደም ውስጥ ስቴም ሴል፣ ማለትም የደም ሕዋሶችን የሚያፈራውን እናት ሕዋስ፣ ለመሰብሰብ ዛሬ አስተማማኝ ማሽን፣ የታወቀ መድኃኒትና የሠለጠነ ባለሙያ አለ። አገልግሎቱን ጥሩ ወይም መጥፎ የሚያደርገው ግን ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ሳይሆን ደሙ ከለጋሹ የሚወጣበትና ወደ እሱ የሚመለስበት ቀዳዳ ነው። እኔ አሜሪካ ውስጥ በአንድ የአፌሬሲስ (ደምን በማሽን እያሳለፉ የሚፈለገውን ሕዋስ የመለየት) ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። እዚህ የምመዝነውም ለለጋሽ የሚቀርቡትን የደም ሥር መግቢያዎች፣ ደም ሥር ለመፈለግ የምንጠቀምባቸውን መሣሪያዎችና መግቢያው የሚመረጥበትን አሠራር ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ለአብዛኛው ጤነኛ ለጋሽ ሁለቱ ክንዶቹ ይበቁታል። አንገት ላይ በትልቅ ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቱቦ፣ ማለትም ካቴተር፣ ተገቢ የሚሆነው ክንዶቹ በአልትራሳውንድ በሚገባ ታይተው እንደማይበቁ ሲረጋገጥ ብቻ ነው፤ ይህ ፍተሻም ለጋሹ የመጀመሪያውን የመድኃኒት መርፌ ከመወጋቱ በፊት መጠናቀቅ አለበት።

ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አይደለም። የደም ካንሰር የያዘው ሰው ከወንድም ከእህቱ የሚስማማ ለጋሽ ሲያጣ ተስፋው በመዝገብ ላይ ያሉ የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው። ለመስማማት የሚታየው የሕዋስ መለያ በዘር የሚወረስ በመሆኑም የሚስማማው ሰው በአብዛኛው ከራሱ ወገን ይገኛል። ኤንኤምዲፒ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የአሜሪካ የመቅኒ ለጋሾች መዝገብ በሚያወጣው ግምት መሠረት አንድ ነጭ ታማሚ ሙሉ በሙሉ የሚስማማው ለጋሽ በመዝገቡ ውስጥ የማግኘት ዕድሉ 79 በመቶ ሲሆን የጥቁር ታማሚ ዕድል 29 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በእስራኤልና በአውሮፓ ጉንጫቸውን በጥጥ አስጠርገው የተመዘገቡ የእኛ ልጆች ስልክ ሲደወልላቸው ነገሩ ቀላል አይደለም። ከእነዚህ ወጣቶችና በተለይም ከእናቶቻቸው የምሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከአከርካሪው ሊቀዱለት ነው ወይ?» የሚል ነው። ከአከርካሪ የሚቀዳ ነገር የለም፤ መቅኒ የሚወሰድ ከሆነ እንኳ የሚወሰደው ከዳሌ አጥንት ነው፤ አብዛኛው ልገሳ ግን ዛሬ የሚከናወነው በደም በኩል ነው። በደም በኩል ከሆነ ደግሞ ዋናው ጥያቄ በየትኛው ደም ሥር የሚለው ይሆናል።

ማሽኑ የሚፈልገውን ሳይረዱ መግቢያውን መመዘን አይቻልም። ለጋሹ ፊልግራስቲም የተባለውን መድኃኒት ለ5 ቀን ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ መድኃኒቱ በመቅኒ ውስጥ የሚኖሩትን ስቴም ሴሎች ወደ ደም እንዲወጡ ያደርጋቸዋል፤ በ5ኛው ቀን ለጋሹ ከማሽኑ ጋር ይገናኛል። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ስፔክትራ ኦፕቲያ የተባለው ማሽን ደሙን ከአንድ በኩል ይስባል፣ በማሽከርከር ይለያየዋል፣ የሚፈለገውን ስስ ሽፋን ወደ ከረጢት ያስገባል፣ የቀረውን በሌላ በኩል ይመልሳል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው፤ በቂ ሴል ለማግኘት ግን ይኸው ደም ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በማሽኑ ውስጥ ማለፍ አለበት። ማለፍ ያለበት 15 ሊትር ነው እንበል። መግቢያው በደቂቃ 80 ሚሊ ሊትር ካሳለፈ ሥራው ከ3 ሰዓት ብዙም ሳይዘል ያልቃል፤ 60 ካሳለፈ 4 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል፤ 40 ብቻ ከሆነ ግን ከ6 ሰዓት ያልፋል። ተራ የግሉኮስ መስጫ ካኑላ በእጅ ጀርባ ላይ ተደርጎ ይህን ያህል ደም ያለማቋረጥ አይሳብበትም፤ ደም ሥሩ ራሱ በመሳቡ ኃይል ይጣበቃል፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ ፓምፑም ይቆማል።

ለመሳቢያ የሚሆነው፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የተሻለው መሣሪያ፣ 16 ወይም 17 ጌጅ የሆነ የብረት መርፌ ነው (ጌጅ የመርፌ ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ መርፌው ይወፍራል)፤ ለኩላሊት እጥበት ከሚያገለግለው መርፌ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሚሆን ለጋሹ ሲያየው ይደነግጣል፤ እኔም ድንጋጤውን ከንቱ ነው ብዬ አላጣጥልም። ይሁን እንጂ ብረቱ አይታጠፍም፣ ግድግዳው ስስ ስለሆነ የውስጥ ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ በመሳብ ኃይልም አይጨፈለቅም። ቦታውን ከያዘ በኋላ ሕመሙ ይረግባል፤ የሚቀረው የክንዱ እስራት ነው። የሚገባው በክንድ መታጠፊያ ላይ በሚገኘው ትልቅ ደም መላሽ ሥር ውስጥ በመሆኑ ለጋሹ ያንን ክንድ ለሰዓታት መሰብሰብም ማጠፍም አይችልም። አፍንጫውን ማከክ ሲፈልግ ሰው መጥራት አለበት። ሽንት ቤት መሄድም አይችልም፤ በወንዶች ዘንድ ይህ በቀላሉ የሚፈታ ሲሆን ለሴቶች ግን እጅግ የሚያሳፍር ነገር ይሆናል። ጥሩ ክፍል ይህን አስቀድሞ ይናገራል፣ መጋረጃና የአልጋ ላይ ዕቃ ያዘጋጃል፤ ግድ የለሽ ክፍል ግን ለጋሹ ሦስተኛው ሰዓት ላይ ተጨንቆ እንዲጠይቅ ይተወዋል። ለመሣሪያው ከአምስት አራት ነጥብ የምሰጠው በዚሁ በእስራቱ ምክንያት ነው።

ለመመለሻ ክንድ ብረት አያስፈልግም፤ 18 ጌጅ የሆነ የፕላስቲክ ካኑላ ከበቂ በላይ ነው፣ 20 ጌጅም ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ምክንያቱም ደም መግፋት ደም ከመሳብ ይቀላል። ፕላስቲኩ ትንሽ ስለሚታጠፍ፣ በክንድ መታጠፊያ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ከክርን በታች ባለው ክንድ ላይ ከተደረገ ለጋሹ በዚያኛው እጁ ስልኩን ይነካል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ዳቦውን ይቆርሳል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ለጥንቃቄ ብለው ሁለቱንም ክንድ በብረት ይይዛሉ፤ እኔ አልስማማም፤ ለማሽኑ የሚጨመርለት ጥቅም ትንሽ ሲሆን ለለጋሹ የሚቀርበት ነፃነት ብዙ ነው። የመመለሻው መስመር አደጋ ከደም ሥሩ ውጭ መፍሰስ ነው፤ ክንዱ ያብጣል፣ ያቃጥላል፣ በማግሥቱም ይበልዛል። ስለዚህ ለጋሹ ትንሽ ማቃጠል እንኳ ሲሰማው «ይቻላል» ብሎ ዝም ማለት የለበትም። የእኛ ሰው በዚህ ረገድ ያስቸግራል፤ እስኪጠየቅ ድረስ አይናገርም፤ ሲጠየቅም «ደኅና ነኝ» ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ክንድን በቂ ወይም የማይበቃ የሚያሰኘው የባለሙያው ዓይን ከሆነ ፍርዱ ይሳሳታል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳታል፤ በቀይ ቆዳ ላይ እንደ ሰማያዊ መስመር የሚታየው ሥር በእኛ ቆዳ ላይ አይታይምና። የሠለጠነ ጣት ከዓይን ይሻላል፤ ደኅና ሥር ሲነካ ይነጥራል፤ ደረቅ ገመድ የሚመስለው ግን ጅማት ወይም የጠነከረ አሮጌ ሥር ነው። ከጣትም የሚበልጠው አልትራሳውንድ ነው። አንዲት ቀጭን ወጣት ለጋሽ ለፍተሻ መጥታ ክንዷን ገና ሳትዘረጋ፣ «ሲስተር፣ የእኔ ደም ሥር አይገኝም፤ ባትደክሚ ይሻላል» አለችኝ። ለተራ የደም ምርመራ በሄደች ቁጥር ሦስትና አራት ጊዜ ስትወጋ የኖረች ልጅ ነበረች። «የኔ እህት፣ መጀመሪያ እንየው፤ ከዚያ እንፈርዳለን» አልኳትና ላስቲኩን ከክርኗ በላይ አሥሬ፣ ጄል ቀብቼ፣ መሣሪያውን በክንዷ መታጠፊያ ላይ አጋድሜ አኖርኩት። በስክሪኑ ላይ ሁለት ጥቁር ክቦች ወጡ። ጫን ስል አንደኛው እንደ ዓይን ቆብ ተከደነ፤ ደም መላሹ እሱ ነው። ሁለተኛው አልተከደነም፤ እየመታ ክብ እንደሆነ ቀረ፤ ይህ ደም ወሳጅ ስለሆነ የማይነካ ነው። ደም መላሹ ከቆዳዋ በታች ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይገኝ ነበር፤ ስፋቱም 4 ሚሊ ሜትር ሞልቷል። ለአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል መርፌ ከበቂ በላይ ነው። ዓይን የካደውን ሥር ልጅቷ ራሷ በስክሪኑ ላይ አየችው። ልገሳውም በሁለቱ ክንዶቿ ብቻ ተፈጽሟል።

አልትራሳውንድ ታዲያ ያለ ሰው አይሠራም። ሥሩን ማየት አንድ ነገር ነው፣ የመርፌውን ጫፍ በስክሪኑ እየተከተሉ ማስገባት ሌላ ነገር ነው፤ ይህን የሚችል ነርስ በየፈረቃው የሌለው ክፍል መሣሪያውን ገዝቷል እንጂ አገልግሎቱን አልገዛም። የሥሩ ጥልቀትም ይታያል፤ ተለምዷዊው የብረት መርፌ ርዝመቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነና በማጋደል ስለሚገባ ከአንድ ሴንቲ ሜትር የጠለቀ ሥር ላይ በደንብ አይያዝም፤ ለእንደዚህ ያለው ሥር ረጅም የፕላስቲክ ካኑላ ይሻላል። በክንድ የውስጥ ጎን ያለው ሥር ብዙ ጊዜ ሰፊ ሆኖ ያጓጓል፤ ግን ደም ወሳጁና ትልቁ ነርቭ እዚያው አጠገቡ ስለሚያልፉ ያለ አልትራሳውንድ እዚያ መርፌ መላክ አይገባም። በአውራ ጣት በኩል የሚወጣው ሥር ጠበብ ቢልም ይበልጥ ሰላም ነው። መሣሪያውንና የሚያውቀውን ሰው በአንድነት ላቀረበ ክፍል ከአምስት አምስት ነጥብ ያለ ማመንታት እሰጣለሁ።

ብርሃን እየጣለ ሥሮችን በቆዳ ላይ የሚስለው መፈለጊያ ግን ለዚህ ሥራ ብዙም አላረካኝም። ለሕፃናትና ለትናንሽ ካኑላዎች መልካም ነው፤ የሚያሳየው ግን ለቆዳ የቀረቡትን ቀጫጭን ሥሮች ነው፤ ጥልቀታቸውን በትክክል አይለካም፣ ስፋታቸውንም ያጋንናል። ለጋሾች በጣም ይወዱታል፤ ፎቶ ያነሱታል።

ከመሣሪያው ይልቅ የከፋ ሆኖ ያገኘሁት አገልግሎት የደም ሥር ፍተሻው ነው። የማልጠቅሰው አንድ ማዕከል ለጋሾቹን በስልክ «ደም ሲወስዱብህ ችግር ገጥሞህ ያውቃል?» ብሎ ጠይቆ፣ «የለም» የሚለውን መልስ በፎርሙ ላይ «ሥሩ ጥሩ ነው» ብሎ ይሞላ ነበር። ለምርመራ ጥቂት ሚሊ ሊትር መስጠትና 15 ሊትር ደም ለሰዓታት ማመላለስ የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። ሌላው ስሕተት ፍተሻውን ማሽኑን የማያውቅ ሰው እንዲሠራው ማድረግ ነው፤ የጤና ምርመራውን የሚያደርገው ሐኪም ክንዱን ዳሰስ አድርጎ ምልክት ይጥላል፣ በልገሳው ቀን መርፌውን የሚይዘው ነርስ ግን ያንን ክንድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ያን ጠዋት ነው። ፍተሻውን መሥራት ያለበት መርፌውን የሚያስገባው ሰው ወይም ቢያንስ በዚያው ሥራ ላይ የዋለ ሰው ነው፤ ሁለቱም ክንድ፣ በላስቲክ ታስሮ፣ በአልትራሳውንድ ታይቶ፣ የተመረጠው ሥር በስዕል ተመዝግቦ መቀመጥ አለበት። ሴቶች ደም ሥራቸው በአማካይ ስለሚጠብ ከወንዶች ይልቅ ወደ ካቴተር የሚላኩት እነሱ ናቸው፤ ስለዚህ ፍተሻው ላይ የሚቆጠበው ሩብ ሰዓት ዋጋው የሚከፈለው በሴቶች አንገት ነው።

ይህን ያህል የምከራከረው ለምን እንደሆነ ለማስረዳት በዚያኛው በኩል ያለውን ሰው ማሰብ ያስፈልጋል። ለጋሹ ለልገሳ በሚቀመጥበት ቀን ታማሚው በሌላ ከተማ፣ ምናልባትም በሌላ አገር፣ የራሱን መቅኒ የሚያጠፋ ኬሞቴራፒ ወይም ጨረር ወስዶ ጨርሷል፤ ወይም እየጨረሰ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የለም። የለጋሹ ክንድ ያን ጠዋት «አይሆንም» ከተባለ፣ ለጋሹ ፊት የሚቀርበው ምርጫ ነፃ ምርጫ አይደለም፤ እምቢ ቢል የማያውቀው ሰው ሊሞት እንደሚችል እየተነገረው አንገቱ ላይ ካቴተር እንዲገባ ይፈርማል። ፊርማው ሕጋዊ ነው፤ ፍትሐዊ ነው ለማለት ግን አፌን ይይዘኛል። ጥያቄው ከሳምንታት በፊት፣ መድኃኒቱ ሳይጀመርና ታማሚው ኬሞቴራፒውን ሳይወስድ ቢቀርብለት ግን በረጋ መንፈስ ያስብበታል፤ ቤተሰቡን ያማክራል፤ «በክንዴ ካልሆነ አልችልም» ለማለትም ጊዜ ያገኛል፤ የታማሚው ሐኪምም ሌላ መንገድ ለመፈለግ ጊዜ ይኖረዋል።

ካቴተሩን ራሱን እንደ መሣሪያ ከመዘንነው በጣም ጥሩ መሣሪያ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ለኩላሊት እጥበት የሚያገለግለው፣ ሁለት ቀዳዳ ያለው፣ ግድግዳው ጠንካራ የሆነ፣ ከ11 እስከ 13 ፍሬንች የሚሆን አጭር ካቴተር ነው፤ ፍሬንች የካቴተር ውፍረት መለኪያ ሲሆን 12 ፍሬንች ማለት 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ማለት ነው። ደሙ ያለ ችግር ይፈስሳል፣ ማሽኑ አይጮኽም፣ ለጋሹም ሁለቱን እጆቹን እንደልቡ ያንቀሳቅሳል። ብዙ ለጋሾች መካከለኛውን ሰዓት ሲያልፉ «ይሄ ከመርፌው ይሻላል» ይላሉ፤ ምቾቱን በሚመለከት እውነታቸውን ነው። ከዚህ ጋር መምታታት የሌለበት ከክንድ ገብቶ እስከ ደረት የሚደርሰው ረጅሙና ቀጭኑ ካቴተር ነው፤ ቱቦ በረዘመና በቀጠነ ቁጥር የሚያሳልፈው ደም እጅግ ይቀንሳል፤ የቀዳዳው ስፋት በግማሽ ሲቀንስ ፍሰቱ ወደ አሥራ ስድስተኛ እጅ ይወርዳል። ለመድኃኒት መስጫ ግሩም ሆኖ ሳለ ለአፌሬሲስ መሳቢያ አይሆንም። ከቆዳ ሥር የሚቀበረው ፖርት ደግሞ ለዓመታት ለሚታከም በሽተኛ እንጂ ለአንድ ቀን ለሚለግስ ጤነኛ የሚታሰብ አይደለም።

ካቴተሩ የሚገባባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው፤ እኩል ግን አይደሉም። በቀኝ አንገት በኩል የሚገባው መንገዱ ወደ ልብ ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ በአልትራሳውንድም በደንብ ስለሚታይ ብዙ ባለሙያዎች የሚመርጡት እሱን ነው፤ ከገባ በኋላ ጫፉ የት እንዳረፈ በኤክስሬይ መታየት አለበት፤ ያ ሳይሆን ማሽን ማገናኘት አይገባም። የብሽሽቱ ሳንባን የመውጋት ሥጋት የለበትም፤ ነገር ግን ለጋሹ እግሩን ሳያጥፍ ተጋድሞ መዋል አለበት፤ በቂ ሴል ሳይገኝ ቀርቶ ሁለተኛ ቀን ካስፈለገም ሆስፒታል ማደር ይመጣል። ከአንገት አጥንት ሥር የሚገባውን ለጤነኛ ለጋሽ ጨርሶ ባልሰማው እመርጣለሁ፤ ሳንባው ቅርብ ነው፤ ደም ቢፈስ በእጅ ጫን ብሎ ማቆም አይቻልም።

አደጋዎቹ ብዙ ጊዜ አይደርሱም፤ ሲደርሱ ግን ከክንድ መበለዝ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ደም ወሳጅ በስሕተት መወጋት፣ በሳንባ ዙሪያ አየር መግባት፣ የደም መርጋት፣ ወደ ደም የሚገባ ኢንፌክሽን፣ ካቴተሩ ሲወጣ አየር ወደ ደም ሥር መሳብ፦ እነዚህ ለበሽተኛ የሚታገሡት ሕክምናው ለራሱ ስለሆነ ነው። ለጋሹ ግን ከዚህ ሁሉ ለራሱ ጤና የሚያገኘው አንዳች ነገር የለም። ለዚህ ነው ካቴተሩን እንደ መሣሪያ ከፍ ያለ ነጥብ ሰጥቼ፣ ለለጋሽ እንደ መጀመሪያ ምርጫ ሲቀርብ ግን የምቃወመው። «በካቴተር ቢሆን ለአንተም ይመችሃል» የሚል ባለሙያ ሲያጋጥም፣ ለጋሹ በትሕትና «ክንዴ በአልትራሳውንድ ታይቷል ወይ? ካቴተሩን የሚያስገባውስ ማን ነው? በዓመት ስንት ያስገባል?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ መግቢያው የሚሰጠው ፍጥነት በነፃ አይገኝም። ደሙ በማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ ሲትሬት የተባለ ፀረ ርጋት ይጨመርበታል፤ ሲትሬቱ ወደ ሰውነት ሲመለስ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ይይዛል። በከንፈርና በጣቶች ጫፍ ላይ የሚሰማው መደንዘዝና መውረር ከዚያ ይመጣል። በካቴተር ደሙ ሲፈጥን ሲትሬቱም አብሮ ይፈጥናል፤ ሰውነቱ ትንሽ የሆነ ለጋሽ ቶሎ ይሰማዋል። ስለዚህ በክንድ ሲሠራ በደቂቃ 50 ወይም 60 ሚሊ ሊትር መሄድ ሁልጊዜ ጉድለት አይደለም። ተጨማሪ ሰዓት ቢፈጅም ከንፈሩ ሳይወርረው የዋለ ለጋሽ አይከፋም። ጥሩ ክፍል ካልሲየም በደም ሥር ለመስጠት አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ የሚታኘክ ካልሲየም ብቻ አቅርቦ የሚጠብቀው ግን ግማሽ መንገድ ነው የሄደው።

ለጋሹ በበኩሉ ሥሩን ማዳን ይችላል። ከልገሳው በፊት ባሉት ሳምንታት ለምርመራ ተደጋጋሚ ደም ይወሰድበታል፤ ደም የሚወስደው ባለሙያ ደግሞ ሁልጊዜ የሚሮጠው ወደ ትልቁ የክንድ መታጠፊያ ሥር ነው። ያ ሥር ለልገሳው ቀን ይፈለጋልና «እባክዎ ከእጄ ጀርባ ወይም ዝቅ ካለው ቦታ ይውሰዱልኝ» ማለት ይገባል። የፊልግራስቲሙ መርፌ ከቆዳ ሥር ስለሚሰጥ ሥሩን አይነካም። ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ በደንብ መጠጣት፣ ጠዋት ክንዱን ማሞቅና የጎማ ኳስ መጭመቅ ሥሩን ያሰፋዋል። በጾም ወቅት የተቀጠረ ለጋሽ ያን ዕለት ሳይበላ ሳይጠጣ እንዳይመጣ የንስሐ አባቱን አስቀድሞ ቢያነጋግር መልካም ነው፤ ባዶ ሆድና የደረቀ ሰውነት ይዞ የመጣ ሰው ሥሩም ይጠባል፣ ራሱንም ሊስት ይችላል።

ክንዶቹ የማይበቁትና ካቴተርም የማይፈልግ ለጋሽ ሦስተኛ በር አለው፤ በማደንዘዣ ከዳሌ አጥንት መቅኒ መስጠት። ይህን የሚወስነው የታማሚው ሐኪም ከለጋሹ ፈቃድ ጋር ነው፤ ሁልጊዜም የሚቻል አይደለም። ሆኖም እንደ ሁለተኛ ደረጃ ነገር መታየት የለበትም። በ2012 ታትሞ የወጣው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት የማይዛመዱ ለጋሾችን ሲያነጻጽር፣ ከደም የተሰበሰበውን የተቀበሉት ታማሚዎች 53 በመቶ፣ መቅኒ የተቀበሉት ደግሞ 41 በመቶ ሥር የሰደደ የንቅለ ተከላ ተቃውሞ በሽታ (የለጋሹ ሕዋሶች የታማሚውን አካል የሚያጠቁበት ሕመም) እንደያዛቸው አሳይቷል፤ በሕይወት በመቆየት ረገድ ግን ልዩነት አልተገኘም። ለአንዳንድ ታማሚ መቅኒው ይበልጥ ይስማማል ማለት ነው፤ ለጋሹም «ሥሬ አልመች ብሎ አስቸገርኩ» ብሎ ሊሳቀቅ አይገባም።

የአገልግሎቱ የመጨረሻ ክፍል መርፌውና ካቴተሩ ሲወጡ ያለው ነው፤ ብዙ ክፍሎች እዚህ ላይ ይቸኩላሉ። ማሽኑ ከስቴም ሴሉ ጋር ደም እንዲረጋ የሚረዳውን ፕላትሌትም ስለሚወስድ በዚያ ቀን ደም ለማቆም ከወትሮው ይዘገያል። ከክንድ የወጣ ወፍራም መርፌ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ክንዱ ሳይታጠፍ ተዘርግቶ መያዝ አለበት፤ ክንድን አጥፎ ጥጥ መያዝ ልማድ ሆኖ ቀርቷል እንጂ መበለዝን ይጨምራል። የአንገት ካቴተር የሚወጣው ለጋሹ ተጋድሞ፣ ትንፋሹን ያዝ አድርጎ ነው፤ ቦታው ጫን ተብሎ አየር በማያስገባ ፋሻ ይሸፈናል፤ ከመውጣቱ በፊትም የፕላትሌት ቁጥሩ መታየት ይኖርበታል። የብሽሽቱ ከሆነ ለጋሹ ለሰዓታት ተኝቶ ይቆያል፣ ተነሥቶ ሲራመድም ነርስ አብራው ትሄዳለች። ለቀጣዩ ቀን ከባድ ዕቃ እንዳያነሣ፣ ትኩሳት ወይም የአንገት እብጠት ካየ በየትኛው ቁጥር እንደሚደውል ተጽፎ በእጁ ሊሰጠው ይገባል፤ በቃል የተነገረው መኪናው ጋ ሳይደርስ ይረሳል።